አባታችን ተናግሮ እህቴ የጻፈችው

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩት ታላቅ እህታችን፣
የሆቴል ላውንደሪ ሠራተኛ፣
ካሉበት።

ከዚህ በታች የሚነበበውን ከባድ ዜና ቆመው እንዳያነቡ፣ መቀመጫ እንዲፈልጉ በትሕትና እናሳስባለን። ወንበር ከጠፋ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ መቀመጥ ይቻላል። በቤታችን ለረጅም ዘመን አብሮን የኖረው፣ ደጉና ሰው አክባሪው እንቅልፍ ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቶናል። ሟች በትንሿ እህታችን በጥያቄ ዓይን ላይ ስምንት ዓመት፣ በእኔ ዓይን ላይ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በአክስታችን ዓይን ላይ ደግሞ ቁጥሩ እንዳይነገር የታዘዘ ዓመት አገልግሏል። ገዳዩ ታውቋል። እርስዎ በፍላሽ ቀድተው፣ በመሐረብ ጠቅልለው፣ «ለጥያቄ የሚሆን ደስ የሚል የልጆች ካርቱን» ብለው የላኩት ነው።

እቴ፣ አሁን ቀልዱን ልተውና (አልተውም) አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ነገር ከፍተሽ አይተሽዋል?

መጀመሪያ ላይ እኮ ደስ ይላል። ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤት አለ። አሥራ አንድ ልጆች ይኖሩበታል፤ ዓይናቸው የሻይ ብርጭቆ ያህላል፣ ፀጉራቸው ላይ ቀለም የተደፋ ይመስላል። ትልቅ ሰው የለም። በየእሑዱ ጠዋት ሲነሡ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ፖስታ ተደርድሮ ያገኛሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ከናትና ካባቱ። «ጥርስህን ፋቅ፣ በርትተሽ ተማሪ፣ ቶሎ መጥተን እንወስዳችኋለን።» ጥያቄ ታጨበጭብ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ለአንዷ የመጣው ደብዳቤ «ከጎንሽ ከምትተኛው ልጅ ጋር አትነጋገሪ» ይላል። ምክንያት የለም። ልጅቷም አልተነጋገረችም። በቃ። ደም የለ፣ ጭራቅ የለ፤ ጓደኛዋ ስታናግራት ዝም ብላ ሾርባዋን ታማስላለች። እኔ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የአሠሪዬን ሚስት ጨምሮ ነው የምልሽ።

አክስታችን «እኔ የልጆች ነገር አላይም» ብላ ካልሲ ልትሰፋ ከኋላችን ተቀመጠች። አራት ክፍል ሙሉ አንድ ካልሲ ሰፋች። ሲያልቅ አንሥቼ አየሁት፤ አፉንም ሰፍታዋለች። እግር ማስገቢያ የለውም።

ለጠየቅሽኝ፦ ጫማው ልክ ነው። ሳሉ ለቆኛል። ሶፋ ማደሻ ቤታችን ውስጥ የሚጮኸውን የላስቲክ ዳክዬ የደንበኛ መቀመጫ ስፖንጅ ውስጥ የሰፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ቢሆንም ማስረጃ የለም። ሰውዬው በተቀመጠ ቁጥር ሶፋው «ቋ!» ሲል ጋሼ ስፖንጅ (አሠሪዬን አሁን እንዲህ ነው የምጠራው፤ ሆዱን አንድ ጊዜ ብትነኪው ይገባሻል) «ውስጡ ያለው የሽቦ ሞላ አዲስ ስለሆነ ነው» ብሎ አሳመነው። ሙያ ማለት ይኼ ነው።

የአባዬ ደብዳቤ ደርሶናል። እሱ ተናግሮ አንቺ ስለምትጽፊው ደስ ይለኛል። በዚያ በሲሚንቶ በደረቀ የግንበኛ ጣቱ፣ ፊደልም ሳይኖረው ራሱ ቢጽፍ ኖሮ ደብዳቤ ሳይሆን ግድግዳ ነበር የሚደርሰን። ጥያቄ «ፊደልሽ አምሯል፣ ከኔ ትበልጫለሽ» ያላትን አራት ጊዜ አስነበበችኝ። አምስተኛውን ከፈልሽኝ ብያት እየተጣላን ነው።

ፍላሹንም ደብዳቤውንም የሚያመላልሰው ሾፌር ሰላም ብሎሻል። መኪናው ላይ ሶፋ ጭኖ ወደናንተ ከተማ ሲወጣ «መቼ ትደርሳለህ?» ብንለው «ይደርሳል» ብቻ ነው መልሱ። ስሙም አቶ ይደርሳል ሆኗል።

ከናፍቆትሽና ከካርቱንሽ በቀር ደህና የሆነው ወንድምሽ፣
ቆርቆሮ

* * *

ጥቅምት 17 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለቆርቆሮ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። የእንቅልፍን ሞት ያነበብኩት አንሶላ እያጠፍኩ ነበር፤ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ፊቴን አንሶላው ውስጥ ቀበርኩት። ኃላፊያችን የማለቅስ መስሏት «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን እንደምል ጨነቀኝና «ቤት ሰው ሞቶብን ነው» አልኳት። ግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጠችኝ። ይኼን ለአክስታችን እንዳትነግር።

ካርቱኑን አላየሁትም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት የሰጠችኝ፤ ሥዕሉ ላይ ፊኛ የያዙ ሕፃናት ስላየሁ ለጥያቄ ይሆናል አልኩ። በል ከዚህ በኋላ እንዳታሳያት። አንተም ተወው። እኔ ጊዜ ሳገኝ አየውና ለልጅ ይሆን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

አባዬ እሑድ መጥቶ ነበር። ሥራ በዝቶበታል፣ ትንሽ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። «ቆርቆሮ ሥራውን እንዴት ያዘው?» ብሎ ጠይቆኛል። ያ በስልክ እናናግረው ያላችሁት አይመችም፤ እንደምታውቀው ስልክ አይዝም፣ እኔም ሥራ ስገባ ስልኬን በር ላይ ነው የሚቀበሉኝ። ደብዳቤው ይሻላል።

ጥያቄን ሳምልኝ። ዳክዬዋን አውጣት።

እህትህ

* * *

ጥቅምት 28 ቀን

ለእቴ፣ የፊልም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ትእዛዝሽ ደርሶናል፣ ተነቧል፣ ተስቆበታል። ካርቱኑን አላቆምንም። እኔ ላቆም ነበር፤ ጥያቄ ናት እንቢ ያለችው። «ካላየሁት እኮ መጨረሻውን ራሴ ነው የምሠራው፤ የኔ ደግሞ ይብሳል» አለችኝ። መልስ ካለሽ ላኪላት።

ስምንተኛው ክፍል ላይ ደርሰናል። ለተቀሩት ሁሉ ማዘን አቁሜ በአንዱ ብቻ ነው የተያዝኩት። ፍንጭት ልጅ አለ፤ የሰው ጫማ ውስጥ ድንጋይ የሚከት፣ ማንኪያ የሚደብቅ፣ ማታ ማታ ሲስቅ ቤቱን የሚቀሰቅስ። አክስታችን «ይኼስ አንተን ነው» አለችኝ (አታይም እኮ፣ ካልሲ ነው የምትሰፋው)። ለዚህ ልጅ እሑድ ጠዋት ፖስታ መጣለት። «ልጃችን፣ ታች ወዳለው ክፍል ውረድ። እዚያ እንጠብቅሃለን» ይላል። ቦርሳውን አዘጋጀ። ለሁሉም የደበቀውን ማንኪያ መለሰላቸው። እያፏጨ ደረጃውን ወረደ። ፉጨቱ ራቀ፣ ራቀ፣ ቆመ። የቀሩት አሥሩ ተቀምጠው ዳቦ በሉ። ማንም «የት ሄደ?» አላለም።

ጥያቄ ናት ያለችው። ቴሌቪዥኑን እያየች፣ «የት ሄደ? የት ሄደ? ለምን አትጠይቁም?» ስትላቸው ስትላቸው ድምጿ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሰው እየቆጠረች ነው። ዕቃ ልገዛ ስወጣ «ሦስት» ትላለች፣ ስመለስ «ሦስት» ትላለች። ስወጣም ሦስት ስመለስም ሦስት ከሆነ ምን ዋጋ አለው ብላት፣ «ስትወጣ የምቆጥረው እንድትመለስ ነው» አለችኝ። ሒሳብ ከኔ ትበልጣለች። እኔ እንኳ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የወረድኩት።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ እጄ ላይ የገባው የስቴፕለር ሽቦ ወጥቷል። አይ፣ ሥራው አልሰለቸኝም። ጋሼ ስፖንጅ የሶፋ ክንድ ብቻዬን እንዳለብስ ፈቅዶልኛል፤ ጨርቁን ስወጥረው ከበሮ ይመስላል። ዳክዬዋ አልወጣችም፣ ሰውዬው ለምዷታል።

ለአባዬ አንድ ነገር አንብቢለት። በቀዩ ብስክሌት እሱ እየነዳ እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ ስንሄድ ቦይ ውስጥ የገባንበትን ቀን ያስታውስ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሰሞኑን ትዝ እያለኝ ነው። እሱ ሲመልስ አንድ ቃል ሳታስቀሪ ጻፊው። እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ።

ቆርቆሮ

* * *

ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ቀዩን ብስክሌት እንዴት እረሳዋለሁ! ይኸው ዛሬም ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ። ቦዩ ውስጥ ስንገባ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ እኔ ደንግጬ ስቀመጥ፣ አንተ ሳታለቅስ እጄን ይዘህ «አባዬ አይዞህ» ያልከኝን አልረሳም። ሰው በልጁ ሲጽናና ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አሁንም ያው ነህ። እህቶችህን የምታስቃቸው አንተ ነህና ሳቅህ አይለይህ።

ሥራህን ጠንክረህ ያዝ። ሙያ ያለው ሰው አይወድቅም። ለጥያቄ ጉንጯን ሳምልኝ።

አባትህ
(እሱ ተናግሮ እኔ እህትህ ጻፍኩት)

* * *

ኅዳር 13 ቀን

ለተከበሩ እህቴ፣

«አንቺ» ለማለት እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

ብስክሌት ኖሮን አያውቅም። ቀይ የለም፣ ጥቁር የለም፣ ጎማ የሌለውም የለም። አባዬ ብስክሌት መንዳት አይችልም። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ «ጋሼ ልፈናጥ?» ቢለው «እኔ በሁለት እግሬም አልረጋ» ብሎት ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ነበሩ። ስለዚህ አያውቁም።

ባለፈው ደብዳቤዬ ስምንተኛው ክፍል ላይ ደርሰናል ያልኩት ውሸት ነው። ዘጠነኛውንም አይቼ ነበር፤ ጥያቄ ተኝታ ሳለ፣ ብቻዬን። ዘጠነኛው ላይ አንዷ ልጅ ከእናቷ ጋር ዘፍነውት የማያውቁትን ዘፈን «ታስታውሻለሽ?» ብላ ጽፋ ትልካለች። በእሑዱ ፖስታ ውስጥ «እንዴት እረሳዋለሁ!» የሚል መልስ ይመጣል። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ቀስ ብላ ዞር ስትል፣ ከልጆቹ ሁሉ ትልቋ፣ አንዲት ባለ ሹሩባ፣ ሕፃናቱን የምታጥበው፣ ጫማቸውን የምታስርላቸው፣ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ።

እኔ የጻፍኩት ለቀልድ ነበር። እውነቴን ነው። «የምን ብስክሌት ነው፣ አንተ ውሸታም!» የሚል ስድብ ነበር የምጠብቀው። ስድቡን ለጥያቄ አንብቤላት ልንስቅ፤ የኛስ አባት እውነተኛ ነው፣ ይኸው ተሳደበ ልላት። ጥያቄ እኮ ካርቱኑን ካየች ወዲህ የአባዬን ደብዳቤ ወደ መስኮት እያነሣች ታየው ጀምራ ነበር። ላረጋጋት ነበር።

ደብዳቤውን የከፈትኩት ሥራ ቦታ ነው፣ ሞላው በወጣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ። «እንዴት እረሳዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ጋሼ ስፖንጅ «ምነው፣ ሚስማር ዋጥክ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ውኃ አመጣልኝ።

«አባዬ አይዞህ» ያልኩት እኔ ነኝ? አላልኩም እኮ። ግን ሳነበው ደስ አለኝ። የተናደድኩት በዚህ ነው። ላልሆነ ነገር ደስ አሰኙኝ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከነዚያ ሁሉ ደብዳቤዎች የቱ ነው የሱ? ሁለተኛው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የመጣው፣ «ልጄ፣ ደብተርህን አስቀምጥና ሙያ ያዝ፤ ይኼን የምልህ እኔ አባትህ ነኝ» የሚለውስ የማን ነው?

* * *

ኅዳር 25 ቀን

ወንድሜ፣

አሥር ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አቶ ይደርሳል መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፣ ስለዚህ ይኼኛውን አልቀደውም።

የሱ ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት። ለይተህ ታውቃቸዋለህ፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራ አለ፣ ዝናቡ ከባድ ነው» የሚሉት። ጥያቄ «እነዚህ አይጣፍጡም» ብላ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ያደረገቻቸው።

አራተኛውን ልጽፍ እሑድ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሴት ናት፤ ልጅ አዝላለች። አባዬ ወጥቶ ደረጃው ላይ አብሮኝ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ያፈረም አልመሰለኝም። «ልጆቹ እየጠበቁ ነው፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ ንገረኝና ልጻፍ» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ። «ምን ብዬ?» ብሎ ተነሥቶ ገባ። እኔ እዚያው ደረጃ ላይ ሆኜ ጻፍኩት። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ስለነበር ፊደሉ ተንጋዶ ነበር፤ አንተ «አባዬ እየተራመደ ነው እንዴ የተናገረው?» ብለህ ስትቀልድ ታስታውሳለህ?

አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ስለ እናንተ ይጠይቀኛል፤ ግን መልሱን ቆሞ አይሰማም።

የትምህርቱ ነገር የኔ ነው። አክስታችን ጻፈችልኝ፤ «አቅሜ አልቋል፣ ልጁን ሙያ ያዝ ብለው አይሰማኝም፣ አባቱ ይንገረው፣ የሱን ቃል ብቻ ነው የሚሰማ» አለችኝ። የምነግረው አባት አልነበረኝም። እሷ አታውቅም፤ እስከ ዛሬም አታውቅም። ስለዚህ እኔው ተናገርኩ፣ እኔው ጻፍኩ። በራሴ ስም ብጽፈው እንቢ ትላለህ፣ ትስቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ማታለል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሥራ አገኘህ፣ ቤቱ ተቃለለ፣ አንተም ትስቃለህ። ስትስቅ ጊዜ ደህና አደረግኩ አልኩ።

የብስክሌቱ ነገር፣ እኔ በሌለሁበት የሆነ መሰለኝ። የሁለታችሁ ብቻ የሆነ ነገር። እውነቱን ልንገርህ፤ ሳነበው ቀናሁ።

ካርቱኑን አይቼዋለሁ። እስከ ዘጠነኛው። ከዚያ ማየት አልቻልኩም።

ይቅርታ አድርግልኝ። ለጥያቄ እንዳትነግራት እለምንሃለሁ።

እህትህ

* * *

ታኅሣሥ 4 ቀን

እቴ፣

አጭር ነው የምጽፈው።

ያን ቀን የሆነውን ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ እኔም ነግሬሽ አላውቅም። ደብዳቤሽን (የሱን ልል ነበር) ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ኮምፓስ የምንለው የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ክብ እየሣለ ነበር። ይኼ ሰው አንድ ቀን ወደ ወንበሬ መጥቶ፣ ቀልዴን ሰምቶ አልሳቀም፤ ደብተሬን አይቶ ነው የሳቀው። «አንተ ልጅ፣ ይኼን መንገድ ማን አሳየህ?» ሲለኝ «ማንም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስሜን ሳይሆን «ማንም» ነው የሚለኝ። «ማንም ይውጣና ይሥራው» ሲል መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን አሳየሁት። አነበበ፣ አጠፈ፣ መለሰልኝ። «እናትህ ቢሆኑ እለምናቸው ነበር» አለኝ፣ «እናትህ የሉም። አክስትህ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር። አባትህ ካለ ግን ምን እላለሁ?»

አየሽ? አባቴ ካለ። ሁሉም በር የተዘጋው በዚያች ቃል ነው። «እኔ እህትህ» ብትይ ኖሮ ኮምፓስ ይከራከርሽ ነበር። እኔም እከራከርሽ ነበር፤ አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ምናልባት ተሸንፌ ያው ሶፋ ቤት እገባ ነበር። ግን ተከራክሬ ነው የምገባው። አንቺ ክርክሬን ነው የወሰድሽብኝ።

እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። አባቴ አስቦልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ከበሩ እስከ መንገዱ እያፏጨሁ። ፍንጭቱ ደረጃውን እንደወረደው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ። ሲሉ እሰማ ነበር። ደንደሱ የት ጋ እንደሆነ አሁን ነው ያወቅኩት።

ለተወሰነ ጊዜ አትጻፊልኝ። የሱን ብለሽም፣ ያንቺን ብለሽም።

* * *

ታኅሣሥ 26 ቀን

ለእቴ፣

ሦስቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሾፌሩ ሦስተኛውን ሲሰጠኝ «መልስ የለም?» አለኝ። «ይደርሳል» አልኩት። ተናደደ። በራሱ ቃል ሲመቱት አይወድም።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ነግሬያታለሁ። አትንገራት ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። ግን እቴ፣ ልጅቷ እሑድ እሑድ ቁጭ ብላ ደብዳቤ ስትጠብቅ እያየሁ ዝም ካልኩ ቀጣዩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጀምሬውም ነበር። «ይድረስ ለልጄ» ብዬ ስጽፍ ቃሉ ሳልፈልገው ነው የመጣልኝ፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ለካ ቀላል ነው። ወረቀቱን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩና ጠራኋት።

እንዲህ ነው የሆነው። ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ታወዛውዛለች።

«እና ‹ፊደልሽ አምሯል› ያለኝ ማነው?»

«እቴ ናት።»

«አባዬ ፊደሌን አይቶታል?»

«አላየውም።»

«እቴስ?»

«አይታዋለች።»

«እንግዲያው ያየችው ናት የጻፈችው» ብላ ተነሥታ ጫማዋን ፍለጋ ሄደች።

በዚህ አለቀ ብዬ ተንፍሼ ነበር። አላለቀም። ጫማውን ካገኘች በኋላ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። አክስታችን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተኝተን ስንለምን ዋልን። ያኔ ነው አክስታችንም የሰማችው፤ ሆዷ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ራሷ አልጋ ሥር ገብቶ። «‹አባቱ ይንገረው› ያልኳት እኔ ነኝ» አለች፣ ለአልጋው እግር ነው የምትነግረው። ጥያቄ ሦስት ቀን «አባዬ» የሚለውን ቃል አልተናገረችም። በአራተኛው ቀን ሳጥኑን ገልብጣ እነዚያን የማይጣፍጡትን ሦስት ደብዳቤዎች ከታች አውጥታ ከላይ አደረገቻቸው። ያንቺዎቹንም አልጣለችም። በሌላ ላስቲክ ነው ያሰረቻቸው።

ካርቱኑን ጨርሰነዋል። ሦስታችንም አብረን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍተን። ስላላየሽው ልንገርሽ። ልጆቹ ሁሉ ያውቁባታል። አይመቷትም፤ ብቻ ከሷ ጋር መነጋገር ያቆማሉ፣ አንድ በአንድ በሩን ከፍተው ይወጣሉ። ባለ ሹሩባዋ ብቻዋን ትቀራለች። እሑድ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ሳህን ደርድራ ትቀመጣለች። ፖስታ የለም።

እኔ «ይበላት!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ጥያቄም «ይበላት» አለች፣ በቀስታ።

አክስታችን መርፌዋን አስቀመጠችና፣ «ለሷስ ማን ይጽፍላት ነበር?» አለች።

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ፍንጭቱ እስኪወርድ ድረስ በየእሑዱ አሥር ፖስታ ነው ጠረጴዛው ላይ የነበረው። አሥራ አንድ ልጅ፣ አሥር ፖስታ። ጥያቄ ተነሥታ ወደ መጀመሪያው ክፍል መልሳ ቆጠረች። አሥር። እኔም መቁጠር ስጀምር ሌላ ነገር ቆጠርኩ፤ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ስንት ጊዜ «አባዬ እንዴት ነው?» ብዬ እንደጻፍኩልሽ፣ ስንት ጊዜ ደግሞ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» እንዳልኩሽ። ሁለተኛውን ለማስላት ኮምፓስ አያስፈልግም።

ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴ አይደለም፤ እንዳትሸወጂ። ሰኞ ይቅር እልሻለሁ፣ ሐሙስ ይመለስብኛል። ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ነው የምጽፍልሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከዚህ ጋር የታጠፈ ቅጽ አለ። የማታ ትምህርት፣ ዘጠነኛ ክፍል። ጋሼ ስፖንጅ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሊለቀኝ ተስማምቷል፤ «ግን ያቺን ዳክዬ አውጥተህ ነው» አለኝ። ለካ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል። ደንበኛው ቤት ሄጄ ሶፋውን ልፈታ ስል ልጆቹ አላስነካ አሉኝ። ጋሼ ስፖንጅም «በቃ ተወው፣ ተማር» አለኝ። ኮምፓስን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። «ማንም መጣ» አለ፤ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግም አየሁት።

ቅጹ ላይ ከታች «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። መዝጋቢዋ «አባትህ ይፈርሙ» አለችኝ። እዚያው ቆሜ አሰብኩ። የአባዬ ፊርማ ቀላል ነው፣ አንድ ጎባጣ መስመርና ሁለት ነጥብ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርመዋለሁ። አንቺም ትፈርሚዋለሽ፣ ከኔ አሳምረሽ። ማንም አያውቅብንም።

እንዳታደርጊው። የራስሽን ስም ጻፊ፣ ሙሉውን። «ዝምድና» በሚለው ላይ «እህት» በይ። ትምህርት ቤቱ እህት አይበቃም ካለ እኔው እከራከራቸዋለሁ፤ የከረመ ክርክር አለኝ።

አንቺስ እንዴት ነሽ? እጅሽ በሳሙናው ይላጣል ብለሽ ነበር ባለፈው ዓመት፤ ዳነ? ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበዪው? መልሽልኝ። በራስሽ አፍ ተናግረሽ፣ ራስሽ ጽፈሽ።

በተረፈ አትጨነቂ፣ አክስታችንም አትጨነቅ ብላለች። ቁጭ ብለን ስናሰላው እንደፎከርኩት ያህል ትልቅ ነገር ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ካርቱን አየን፤ ትምህርት በሁለት ዓመት ዘገየ፤ ከቤታችን አንድ አባት ጎደለ። እሱም ቢሆን አዲስ ጉድለት አይደለም። ቀድሞ የጎደለ ነው፤ ወሬው ነው ገና አሁን የደረሰን።

ወንድምሽ